የተረት መጽሐፍ ገጽ በመድረክ ላይ

የተረት መጽሐፍ መልክ ያለው መድረክ ማለት ቤቱ፣ ዛፉ፣ ተራራውና ደመናው እውነተኛ ለመምሰል ሳይሞክሩ በሠዓሊ እጅ መሣላቸውን በግልጽ እያሳዩ የሚቆሙበት፣ ተመልካቹም መጋረጃው ሲገለጥ ትልቅ የሥዕል መጽሐፍ የተከፈተለት ያህል የሚሰማው የቴአትር ሥፍራ ነው። ለሕፃናት ቴአትር፣ ለተረት ኦፔራና ለባሌት በብዛት የሚመረጠው ይህ አሠራር ከሩቅ ለሚያየው ሰው በእጅ የገባውን ደማቅ ቀለም ሁሉ የመለቅለቅ ሥራ ሊመስለው ይችላል፤ ይሁን እንጂ በዘርፉ ስም ያተረፉት ሥራዎች በቅርብ ሲመረመሩ ድምቀታቸው የመጣው ከቀለም ብዛት ሳይሆን ንድፍ አውጪው በራሱ ላይ ከጣለው ጥብቅ ሕግ መሆኑ ይታያል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው «ወርቃማው አውራ ዶሮ» የተባለው የሩሲያ ኦፔራ ነው። ታሪኩ አሌክሳንደር ፑሽኪን እ.ኤ.አ. በ1834 ከጻፈው ተረት የተወሰደ ሲሆን፣ አንድ ሰነፍ ንጉሥ ጠላት ሲቃረብ እየጮኸ የሚያስጠነቅቅ የወርቅ ዶሮ ከአንድ ኮከብ ቆጣሪ ከተቀበለ በኋላ የገባውን ቃል በማጠፉ በዚያው ዶሮ ተነቁሮ እንደሚሞት ይተርካል። ሙዚቃውን የደረሰው ኒኮላይ ሪምስኪ ኮርሳኮቭ ሥራውን ያዘጋጀው ሩሲያ በጃፓን ድል ከተመታች ከጥቂት ጊዜ በኋላ በመሆኑ፣ ጦር መምራት የማይችለው የተረት ንጉሥ ማንን እንደሚነካ ሳንሱሩ ለመረዳት አልተቸገረም፤ ስለዚህ ኦፔራው ደራሲው በ1908 ካረፈ በኋላ በ1909 ነበር በሞስኮ በዚሚን የግል ኦፔራ ለመታየት የበቃው። የመድረኩን ንድፍ ያወጣው ኢቫን ቢሊቢን ከዚያ ቀደም በተረት መጻሕፍት ሥዕሎቹ የታወቀ ሰው ነበር። ወደ ሰሜን ሩሲያ ገጠሮች ተጉዞ የእንጨት ቤቶችን፣ ጥልፎችንና የጥንት አልባሳትን ያጠናው ቢሊቢን፣ ውፍረቱ በማይለዋወጥ ጥቁር መስመር ቅርጹን ይከብና ውስጡን ጥላ በሌለው ወጥ ቀለም ይሞላል፤ ገጹንም በጌጥ ሐረግ ያጥራል። ይኸው መስመርና ይኸው ወጥ ቀለም ነው ከመጽሐፉ ወጥቶ መድረክ ላይ የቆመው።

የዚህን አመራረጥ ብልኅነት ለመረዳት የተለመደውን የአውሮፓ መድረክ ችግር ማወቅ ያስፈልጋል። ጣሊያናዊው ሴባስቲያኖ ሰርሊዮ በ1545 ባሳተመው መጽሐፍ ጎዳናና ሕንፃ ወደ ኋላ እየራቀ እንዲሄድ አድርጎ መድረክ ላይ የመገንባትን ዘዴ ካሳየ ወዲህ፣ ለብዙ ዘመን የመድረክ ሥዕል ዓላማ ዓይንን አታልሎ ጥልቀት ማሳየት ነበር። ችግሩ ግን ሥዕሉ እየራቀ ሲያንስ ተዋናዩ አብሮት የማያንስ መሆኑ ነው፤ ሰውየው ወደ ኋላ ጥቂት ከተራመደ ትከሻው ከቤተ መንግሥቱ ጣሪያ ጋር ይስተካከልና የተደከመበት ማታለያ በአንድ አፍታ ይፈርሳል። የተረት መጽሐፍ መድረክ ከመጀመሪያው ጥልቀት አለኝ ብሎ ቃል ስለማይገባ ከዚህ ውርደት ይድናል። ዘመም ያለ መስኮት፣ ከበሩ የሚበልጥ አበባ፣ ከተራራው አናት በላይ የተቀመጠች ባለ ፊት ፀሐይ በመጽሐፍ ገጽ ላይ ስሕተት እንደማይባሉ ሁሉ እዚህም አይባሉም።

ሕግን ጠብቆ መሥራት ምን ያህል ሊያራምድ እንደሚችል ያሳየው እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዴቪድ ሆክኒ ነው። በ1975 በእንግሊዝ አገር በግላይንድቦርን ለቀረበው «የአባካኙ ጉዞ» ለተባለው የስትራቪንስኪ ኦፔራ ንድፍ ሲያወጣ፣ መነሻ ያደረገው የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሠዓሊ ዊልያም ሆጋርት በመዳብ ላይ ቀርጾ ያተማቸውን ሥዕሎች ነበር። በእንዲህ ዓይነት የኅትመት ሥራ ጥላ የሚታየው በቀለም ውፍረት ሳይሆን እርስ በርሳቸው በሚቆራረጡ ቀጫጭን መስመሮች ስለሆነ፣ ሆክኒ ግድግዳውንም፣ ወንበሩንም፣ ልብሱንም በእነዚሁ በሚቆራረጡ መስመሮች ሸፈነው፤ ቀለሙንም በያኔው የማተሚያ ቀለሞች ዓይነት በጥቁር፣ በቀይ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ ወሰነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው መድረክ ለሞዛርት «አስማተኛው ዋሽንት» የሠራው ንድፍ ደግሞ በተሣሉ መጋረጃዎች ላይ የቆመ በመሆኑ፣ ብዙዎቹ የኦፔራው ትዕይንቶች መጋረጃ በመውጣትና በመውረድ ብቻ ሙዚቃው ሳይቋረጥ ይለዋወጡ ነበር። በአራት ቀለም የተሠራው የመጀመሪያው መድረክ ዛሬም ድረስ ከብዙ ባለሃያ ቀለም መድረኮች ይልቅ ደማቅ ሆኖ መታወሱ የሚገርም አይደለም፤ ዓይን የሚያርፍበት ከሌለ ድምቀትን አይለይምና።

ንድፉ ወደ ግንባታ ከመሄዱ በፊት በትንሽ ሞዴል ይፈተናል። ሞዴል ማለት መድረኩ ከነግድግዳው፣ ከነመጋረጃውና ከነዕቃው በወፍራም ወረቀት ተቀንሶ የሚሠራበት ማሳያ ሲሆን፣ በብዙ አገሮች የተለመደው መጠን 1 ለ25 ነው፤ ይህም አንድ ሜትር በ4 ሳንቲሜትር ይወከላል ማለት ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሆነ ተዋናይ በዚህ መጠን 7 ሳንቲሜትር የሚረዝም የወረቀት ሰው ይሆናል፤ እሱን በር ላይ፣ ደረጃ ላይና ዛፍ ሥር እያዟዟሩ ማቆም ብዙ ወጪ የሚያስከትሉ ስሕተቶችን በመቀስና በማጣበቂያ ለማረም ያስችላል። በተለይ በመጽሐፍ ላይ የሚያምር ሥዕል መድረክ ላይ ተዋናዩን ውጦ የሚያስቀር መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ደረጃ ነው።

ከዚያ የሚከተለው የአናጺውና የቀለም ቀቢው ሥራ ነው። ቋሚ ግድግዳ የሚሠራው በእንጨት ክፈፍ ላይ ጨርቅ በመወጠር ወይም ስስ ኮምፔርሳቶ በመምታት ነው፤ ለጨርቁ በኢትዮጵያ ገበያ አቡጀዲ የሚባለው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ተስማሚ ነው። ጨርቁ በክፈፉ ላይ ላላ ተደርጎ ከተመታ በኋላ በውኃ የቀጠነ ኮላ ይቀባል፤ ጥጥ ውኃ ሲነካው ስለሚኮማተር ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ ቀዳዳዎቹም ስለሚደፈኑ ቀለም አይመጥም። ለትልቁ የኋላ መጋረጃ ሁለት ልማዶች አሉ፦ እንግሊዞች ጨርቁን ከፍና ዝቅ በሚል ክፈፍ ላይ አቁመው ሲቀቡ፣ በሩሲያና በአብዛኛው የአውሮፓ ክፍል ደግሞ ጨርቁ ወለል ላይ ተዘርግቶ ቀቢዎቹ በላዩ እየተራመዱ ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ ይሠራሉ። በሁለቱም ዘዴ ንድፉ በካሬዎች ይከፋፈላል፣ መጋረጃውም በዚያው ቁጥር በትልልቅ ካሬዎች ይሰመራል፣ በእያንዳንዱ ትንሽ ካሬ ያለው መስመር ወደ አቻው ትልቅ ካሬ በከሰል ይዛወራል። እዚህ ላይ የጀማሪዎች ስሕተት የሚበዛው በመስመሩ ውፍረት ነው፤ በወረቀት ላይ አንድ ሚሊሜትር የሆነው ጥቁር መስመር በመድረኩ መጠን ቢያንስ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል መሆን ሲገባው፣ ቀቢው በቅርብ ሲያየው እየወፈረበት ስለሚያቀጥነው ከኋላ ወንበር የሚታየው መስመር የሌለው ደብዛዛ ሥዕል ይሆናል። መድኃኒቱ በየጊዜው መሰላል ላይ ወጥቶ ከሩቅ ማየት ነው።

ቀለሙ በቀን ብርሃን አምሮ በመድረክ መብራት የሚበላሽበት ምክንያትም ቀላል የፊዚክስ ጉዳይ ነው። አረንጓዴ ቅጠል አረንጓዴ የሚመስለው አረንጓዴውን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ስለሆነ፣ ቀይ መብራት ብቻ ሲበራበት የሚመልሰው ብርሃን ስለሌለው ወደ ጥቁር ይጠጋል፤ ሰማያዊ ሰማይም በቢጫማ መብራት ሥር አመድማ ይሆናል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ቡድኖች የቀለም ናሙናዎችን በታሰበው መብራት ሥር አስቀድመው ያያሉ፤ የሚያብረቀርቅ ቀለምም መብራቱን ወደ ተመልካች ዓይን ስለሚመልስ የማያብለጨልጨውን ይመርጣሉ። መብራትን በበጎ ለመጠቀም ከተፈለገ ደግሞ እንደ ነጠላ የሳሳ ጨርቅ አለ፤ ከፊት ሲበራበት የተሣለው ሥዕል ይታያል፣ ከኋላው ሲበራ ሥዕሉ ይጠፋና ከበስተጀርባው ያለው ሰው ይወጣል። ጫካው ቤተ መንግሥት የሚሆንባቸው ብዙ የተረት ትዕይንቶች ምሥጢራቸው ከዚህ አያልፍም።

ተዋናዮች የሚይዟቸውና የሚገለገሉባቸው የመድረክ ቁሳቁሶች፣ በሙያው ሰዎች አጠራር ፕሮፕስ፣ በተረት መድረክ ላይ ከሌላው ቴአትር የበለጠ ኃላፊነት አለባቸው። ከገበያ የተገዛ እውነተኛ ማንቆርቆሪያ በተሣለ ወጥ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ከሌላ ዓለም የመጣ ስለሚመስል፣ እሱም ከግድግዳው ጋር በአንድ ዓይነት መስመር መከበብና ከልኩ በላይ መተለቅ አለበት። ትልልቆቹ ቁሳቁሶች ብዙውን ጊዜ ከሽቦ በተሠራ አጽም ላይ የተቀደደ ጋዜጣ በኮላ ወይም በዱቄት ሙጫ ተደራርቦ በመለጠፍ ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ድርብ ሳይደርቅ ሌላው ከተጨመረ ውስጡ ይሻግታል። ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ ታሽጎበት የሚመጣው ነጭ ፎምም በቢላ በቀላሉ ይቀረጻል፣ ነገር ግን የሚረጭ ቀለም በቀጥታ ሲነካው ስለሚሟሟ አስቀድሞ በውኃ በሚበጠበጥ ቀለም ወይም በጨርቅና ኮላ መሸፈን ይኖርበታል። ከሁሉም በላይ ዕቃው ሥራ እንዳለው መዘንጋት የለበትም፤ የሚበላ ዳቦ፣ የሚሰበር ዘንግና የሚወረወር ድስት በአንድ ዓይነት መንገድ አይሠሩም፣ የሚሰበረውም ለእያንዳንዱ ትርኢት ምትክ ያስፈልገዋል።

መጽሐፉ በገጽ መግለጥ የሚፈጽመውን ተአምር መድረክ በገመድና በመዘውር መፈጸም አለበት። አሜሪካዊው የሕፃናት መጻሕፍት ሠዓሊ ሞሪስ ሴንዳክ፣ በ1963 ያሳተመውና የአንድ ልጅ መኝታ ክፍል ጫካ ሆኖ የሚበቅልበት መጽሐፉ በ1980 በብራስልስ ኦፔራ ሲሆን፣ በወረቀት ላይ ጥቂት ገጾች የፈጁትን ለውጥ በተመልካች ፊት የሚፈጽም መድረክ ማሰብ ነበረበት። በ1983 በሲያትል ለቀረበው «ነት ክራከር» ለተባለው ባሌት ሲሠራም የገና ዛፉ በታሪኩ ውስጥ ባለችው ልጅ ፊት ማደግ ነበረበት። በእንዲህ ያለ ትዕይንት ብዙ ጊዜ የሚሠራው ዘዴ ዛፉን በጨርቅ አበጅቶ የታችኛውን ክፍል ወለል ላይ ማጣጠፍና በገመድ ወደ ላይ መሳብ ነው፤ ዘዴው ግልጽ ሆኖም ሕፃናቱ መገረማቸውን አያቆሙም።

ጨርቅ፣ ቀለምና ወረቀት በሞቃት መብራት አጠገብ መሰቀላቸው የሚያስከትለው አደጋ በቸልታ የሚታይ አይደለም። በታኅሣሥ 1903 (እ.ኤ.አ.) በቺካጎ ኢሮኮይ ቴአትር፣ «ብሉቢርድ» ከሚባለው ተረት የተወሰደ ትርኢት ለብዙ ሕፃናትና እናቶች በሚታይበት ከሰዓት በኋላ፣ ከመብራት የተነሣ ብልጭታ ስስ መጋረጃ አቀጣጥሎ ከ600 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከዚህ ወዲህ ጨርቁን እሳት በሚከላከል ውሕድ ማራስ፣ መብራቱን ከጨርቁ ማራቅና መውጫ በሮችን አለመቆለፍ የቴአትር ቤት ደንብ ሆኗል፤ ለአንድ ቀን የትምህርት ቤት በዓል ለሚሠራ መድረክም ይኸው ይሠራል።

ተረትን መድረክ ላይ ማቆም ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። በአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የሚባለው፣ በሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት የአውሬዎች ኮሜዲያ፣ ከላፎንቴን የእንስሳት ተረቶች የተነሣ ነበር፤ እንደ ሩሲያው አውራ ዶሮ ሁሉ አውሬዎቹ ማንን እንደሚነኩ ባለሥልጣናት ስለተረዱት ታገደ። ለእንዲህ ያለ ተውኔት የሚሆን የሥዕል ቋንቋም ከውጭ መበደር አያስፈልግም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ግድግዳ የሚያስጌጡት በብዙ ቦታ በጥጥ ጨርቅ ላይ ሥለው ጨርቁን በመለጠፍ ነው፤ መስመራቸው ጥቁር፣ ቀለማቸው ወጥ፣ ሕጋቸውም ግልጽ ነው፦ ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ከፊት ለፊት ይሣላል፣ ክፉው በጎን ባለ አንድ ዓይን ይቀርባል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ሥዕሎች ከፋፍለው የሚተርኩት የጨርቅ ላይ ሥራዎችም ትዕይንት በትዕይንት የተደረደሩ በመሆናቸው ለመድረክ ንድፍ ቅርብ ናቸው። በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር ለሚኖሩ የኢትዮጵያውያን ልጆች ተረት ለመድረክ የሚያዘጋጁ ሰዎች ከውጭ የካርቱን ፊልም ቤተ መንግሥት ከመቅዳታቸው በፊት፣ አቡጀዲውን ወጥረው እነዚህን ሥዕሎች ቢመለከቱ የተሻለ መድረክ ይሠራሉ።