ማዕዱ ሳይታጠፍ፦ በገዳሪፍ ስለ ኮሌራ የሚነገረውና እውነቱ

በገዳሪፍ ምድር፣ የማሽላውና የሰሊጡ እርሻ እስከ ዓይን ጥግ በሚዘረጋበት፣ ከመተማ ተሻግሮ ለአጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ በ2013 ዓ.ም. በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያ የሰፈረው ስደተኛ፣ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህም ከካርቱም ጦርነት የሸሸው ሱዳናዊ ጎን ለጎን በሚያድሩበት በዚያ ጠረፍ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ የሚዛመደው በሚላላከው ሳህን ነው። መስከረም 15 ቀን 2016 ዓ.ም. የሱዳን ጤና ሚኒስቴር ኮሌራ በገዳሪፍ መግባቱን ባወጀ ጊዜ፣ በዚያው ዓመት በነሐሴም ወረርሽኙ ዳግመኛ ሲነሣ፣ ወደዚህ ሳህን ሁለት ፈተናዎች ቀረቡ፤ አንደኛው ድኩማኑን፣ አራሷንና ሽማግሌውን ያለ ጠያቂ የሚያስቀር ፍርሃት፣ ሁለተኛውም በፍቅር ስም የሚመጣ ቸልታ ነው። ሁለቱንም የሚወልዳቸው ያልተመረመረ ወሬ ስለ ሆነ፣ የሚነገረውን ከእውነቱ መለየት ራሱ የፍቅረ ቢጽ ሥራ ነው።

አንደኛ ተረት፦ «ኮሌራ በነፋስ ይመጣል፤ ወደ ታመመ ሰው ደጅ መቅረብ ሞትን መጥራት ነው።»

እውነታ፦ በ1911 ዓ.ም. ሀገራችንን የፈጀው የኅዳር በሽታ በትንፋሽ የሚዛመት ነበር፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየሰበሰብን የምናጥነውም የዚያ መከራ መታሰቢያ ነው። የኮሌራ መንገድ ግን ሌላ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854 በሎንዶን ከተማ ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም የሙታኑን መኖሪያ አንድ በአንድ ቢመረምር፣ አብዛኞቹ ከአንድ የውኃ መቅጃ የጠጡ ሆነው አገኛቸው። የበሽታው ዘር ከሕመምተኛው ዓይነ ምድር ወጥቶ በውኃ፣ በምግብና ባልታጠበ እጅ ወደ ሌላው አፍ ይገባል እንጂ በአየር አይበርርም፤ ስለዚህ ሕመምተኛን መጠየቅና ምግብ ማድረስ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ከዚያ ተመልሶ እጅን ሳይታጠቡ መብላት ነው።

ሁለተኛ ተረት፦ «ጤነኛ የመሰለ ሰው ጉርሻ ማንን ይጎዳል?»

እውነታ፦ የኮሌራ ዘር ከገባባቸው ሰዎች የሚበዙት ምልክት አያሳዩም፤ ነገር ግን ከ1 እስከ 10 ቀን ድረስ ዘሩ ከዓይነ ምድራቸው ጋር ይወጣል። እንግዲህ የፍቅራችን ማኅተም የሆነው ጉርሻ፣ ብዙ እጅ የሚገባበትም አንድ ትሪ፣ ወረርሽኙ እስኪያልፍ ድረስ ቢቆዩ ፍቅር ጎደለ አይባልም። የጎረቤት ድርሻ ማንም እጁን ሳያስገባበት በፊት በንጹሕ ጭልፋ በንጹሕ ዕቃ ይውጣ። ከማንቆርቆሪያ ውኃ እያፈሰሱ እንግዳን የማስታጠብ ሥርዓታችን በአንድ ሳፋ ከመንከር እጅግ ይሻላል፤ የሚጎድለው ሳሙና ብቻ ነው፤ ሳሙና ከጠፋም አመድ ይተካዋል። ወጥ የምትሠራውም ከመፀዳጃ ስትመለስና ምግብ ከመንካቷ በፊት ትታጠብ፤ ተቅማጥ ከያዛት ደግሞ ድስቱን ለሌላ ትተው።

ሦስተኛ ተረት፦ «በእሳት የበሰለ ምግብ ቢውልም ቢያድርም ንጹሕ ነው።»

እውነታ፦ እሳት በድስቱ ውስጥ ያለውን ዘር ይገድላል፤ ከወጣ በኋላ ግን አይጠብቅም። በገዳሪፍ ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ ተከፍቶ የቆየ ምስርና ፉል፣ ዝንብ ካረፈበት ወይም ያልታጠበ እጅ ከነካው፣ ለዘሩ ምቹ ማሳ ይሆናል። እንጀራም በምጣድ ላይ ቢነጻ፣ ሲቆጠርና ሲታጠፍ በእጅ ያልፋል። ስለዚህ ለጎረቤት የሚላከው ምግብ እንፋሎቱ ሳይጠፋ፣ በክዳን ተሸፍኖ ይሂድ፤ የቆየው እስኪንተከተክ ይሙቅ፤ በጥሬ ውኃ የታጠበ ሰላጣም ለጊዜው ይቅር።

አራተኛ ተረት፦ «ሎሚ፣ ሚጥሚጣና አረቄ በሽታውን ይገድላሉ።»

እውነታ፦ የኮሌራ ዘር ኮምጣጣ ነገርን አይወድም፤ ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን በሳህን ላይ የተጨመቀ ሎሚ የተበከለውን ውኃ ያነጻል ብሎ መታመን ሕይወትን በዕድል ላይ ማኖር ነው። ሚጥሚጣ ምላስን እንጂ ዘሩን አያቃጥልም፤ አረቄም የደረቀውን ሰውነት ይብስ ያደርቀዋል። ውኃ የሚነጻው ቢያንስ ለ1 ደቂቃ ሲንፈቀፈቅ ወይም በክሎሪን ሲታከም ነው።

አምስተኛ ተረት፦ «ተቅማጥ የያዘውን ማጠጣት ተቅማጡን ያብሳል።»

እውነታ፦ ከሁሉ የከፋው ተረት ይህ ነው፤ ኮሌራ የሚገድለው ውኃና ጨው ከሥጋ በመጉደሉ፣ አንዳንድ ጊዜም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነውና። በወቅቱ ከታከሙት መካከል ግን ከ100 አንድ እንኳ አይሞትም። ወደ ሕክምና ጣቢያ እስኪደርሱ ድረስ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይሰጥ፤ እርሱ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ማጠጣት ይቻላል፤ ሕፃንም ጡት አይከልከል።

ስድስተኛ ተረት፦ «እምነት ያለው ሰው አይያዝም።»

እውነታ፦ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ከዚሁ ጠረፍ ማዶ በቋራ ወረዳ፣ ምእመናን ፈውስ ፍለጋ ከየአገሩ በተሰበሰቡበት በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል አካባቢ ኮሌራ ተነሥቶ ነበር። በሽታው የሰው ብዛትና የመፀዳጃ ጉድለት ባለበት ሁሉ ይገባል እንጂ የሃይማኖትን ደጅ አይመርጥም፤ ውኃ ማፍላትና እጅ መታጠብም የእምነት ጉድለት ሳይሆን የተሰጠንን ነፍስ መጠበቅ ነው።

እንግዲህ በኡም ራኩባ ያለች እናት ለታመመች ጎረቤቷ ትኩስ ወጥ በክዳን ሸፍና ብትልክ፣ ከሳህኑም ጋር አንድ ሳሙናና አንድ ጀሪካን የፈላ ውኃ ብትጨምር፣ ባዶው ሳህን ሲመለስላት በሳሙና አጥባ በፀሐይ ብታደርቀው፣ ከጎረቤቷም አልራቀች፣ ልጆቿንም ለአደጋ አልሰጠች። ጉርሻው ለጊዜው ይቆይ፤ ሳህኑ ግን አይቅር።