የተረፈ ዕቃዎን ከግቢዎ ሲሸጡ

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር አንድ ቅዳሜ ማለዳ የግቢዬን በር ወለል አድርጌ ከፍቼ ቁም ሳጥኑን፣ የሽቦ አልጋውንና ወንበሮቹን ወደ ደጅ አወጣሁ። ገና ደርድሬ ሳልጨርስ ጎረቤቴ ነጠላዋን እያጣፋች ሮጣ መጣች። «እታለም፣ ምን ደረሰባችሁ? ማን ሞተ?» አለችኝ። ማንም አልሞተም፤ ከወልድያ ወደ መርሳ፣ ልጄ ቤት ልገባ ስለሆነ የተረፈኝን ልሸጥ ነው አልኳት። ያመነችኝ አይመስለኝም። ቡናው ተፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ ፊቴን ስታጠና ነበር።

አልፈርድባትም። በእኛ አገር የቤት ዕቃ ደጅ ሲወጣ ወይ ቤቱ ፈርሷል፣ ወይ ባለቤቱ ሞቷል፣ ወይ ችግር ገብቷል ማለት ነው። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየ የወሎ ሰው መጀመሪያ ከብቱ፣ ቀጥሎ የብር ጌጡ፣ በመጨረሻም የጎጆው እንጨት ሳይቀር ሲሸጥ አይቷል። ዕቃ መሸጥ እንደ ውርደት የሚቆጠረው ከዚያ ነው የመጣው።

ዛሬ ግን ብዙ ዕቃ የሚሸጠው በሌላ ምክንያት ነው። መምህሩ ይዛወራል፤ ጡረተኛዋ ሰፊውን ቤት ለቃ ወደ ልጇ ትገባለች፤ ልጆች አድገው ሲወጡ አልጋቸው ይቀራል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን «ያርድ ሴል» የሚሉት ነገር አላቸው። ቅዳሜ ጠዋት ዕቃውን ግቢያቸው ላይ ዘርግተው፣ ዋጋውን ለጥፈው፣ ለመንደሩ ሰው ይሸጣሉ። ማንም ለቅሶ ሊደርስ አይመጣባቸውም።

በእኛ ዘንድ የተረፈ ዕቃ የሚወጣው በሁለት መንገድ ነበር። አንዱ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ ነው። ሌላው ልዋጭ ነው፤ አሮጌ ልብስና ጫማ ሰጥተው ሳፋ ወይም ጆግ ይቀበላሉ። ሁለቱንም አልነቅፍም። ለተቀደደ ጫማ፣ ለዛገ ቆርቆሮና ለባዶ ጠርሙስ ከእነሱ የተሻለ ገዢ የለም። ደህና ዕቃ ግን ለእነሱ መስጠት ኪሳራ ነው። ልጁ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ነጋዴው ለሌላ ነጋዴ ያስተላልፋል፤ የአዲስ አበባ ሰው ከሆኑ ደግሞ ዕቃዎ መርካቶ ምናለሽ ተራ ታድሶ ሲሸጥ ያዩታል። በየመሐሉ ያለው እጅ ሁሉ ማትረፍ ስላለበት ዝቅተኛው ዋጋ የሚደርሰው ለባለቤቱ ነው። እኔ ለሁለት የብረት ወንበር 150 ብር ተሰጥቶኝ ነበር። ያን ቅዳሜ አዲስ ጎጆ የወጡ ባልና ሚስት በ600 ብር ወሰዷቸው፤ እነሱም እኔም ደስ ብሎን ተለያየን።

ከዋጋው በፊት ግን የቤተሰቡ ነገር ይቀድማል። ይህን ያወቅሁት በስተት ነው። ዓረብ አገር የምትሠራው ልጄ ሽያጩ ሊደረግ ሁለት ቀን ሲቀረው በኢሞ ደወለች። ስልኩን አዙሬ የተከመረውን ዕቃ አሳየኋት። እየሳቀች ስታይ ቆይታ ድንገት ዝም አለች። ከክምሩ አናት ላይ በመጀመሪያ ደመወዟ ገዝታ የላከችልኝ ብርድ ልብስ ነበር። እኔ ያሰብኩት መርሳ ከወልድያ ይልቅ ቆላ ስለሆነ አያስፈልገኝም ብዬ ነው። እሷ ያየችው ሌላ ነገር ነው። ብርድ ልብሱ አሁን መርሳ አልጋዬ ግርጌ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ አንድም ቀን አልለበስኩትም።

ስለዚህ ልጆችዎን፣ ሩቅ ያሉትንም ጭምር፣ አስቀድመው ይጠይቁ። የልጅ ልጆችዎንም ይጠይቁ፤ የሰባት ዓመት ልጅ የተሰበረ መኪናውን ሰው ሲወስድበት የሚሰማው ሐዘን ትንሽ አይደለም። የእኔ የልጅ ልጅ ያለፈ ዓመት መጻሕፍቱንና ኳሱን ራሱ ሸጦ ገንዘቡን ራሱ ያዘ፤ ለቀሪው ዕቃ ሁሉ ደላላ የሆነው እሱ ነው። የሟች ዕቃ ከሆነ ደግሞ ወራሾች ሁሉ ሳይስማሙ አንድ ማንኪያ እንኳ አይውጣ። በአንድ መሶብ የተነሳ ወንድማማቾች ሲኳረፉ አይቻለሁ።

የእናት የአያት ማርትሬዛ፣ የብር መስቀል፣ ድሪ ወይም የብራና መጽሐፍ ቤትዎ ካለ ከዚህ ሽያጭ ያውጡት። ለእነዚህ ደጅ ላይ የሚጠራ ዋጋ የለም። ጥንታዊ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በሕግ የተከለከለ ነው፤ የማያውቁት ሰው አዋዶ ዋጋ ሲሰጥዎ ወዴት ሊወስደው እንደሆነ ይጠርጥሩ። ቁም ሳጥንና ሻንጣ ከመሸጥዎ በፊት መሳቢያውን ሁሉ አውጥተው ይገልብጡ፤ የኮትና የቀሚስ ኪስ ይፈትሹ። የመሬት ደብተር፣ የልጆች የክትባት ካርድ፣ የጡረታ ወረቀት የሚገኘው እዚያ ነው። ከእኔ መሳቢያ ሥር የወጣው የ1980ዎቹ የነርስነት ዲፕሎማዬ ቅጂ ነው፤ ስፈልገው የኖርኩት።

ቀኑን በተመለከተ፣ ገዢ ገንዘብ የሚኖረው መቼ እንደሆነ ያስቡ። የመንግሥት ሠራተኛ በወር መጨረሻ ነው። ገበሬ እህሉን ከሰበሰበ በኋላ ነው። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ድስትና ብርጭቆ የሚፈለገው በጥር ነው፤ ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ስለሚበዛ። የተማሪ ጠረጴዛና ቦርሳ በነሐሴ መጨረሻ ይሄዳል። ክረምቱን ይተዉት፤ ዝናብ የመታው ፍራሽ ማንም አይገዛም። የገበያ ቀንም አይምረጡ፣ ሰው ሁሉ ገበያ ነው ያለው። ጊዜው እንደምናውቀው አንዳንዴ አስተማማኝ አይደለምና ለጎረቤትና ለቀበሌ አስቀድሞ መንገር፣ ማለዳ ጀምሮ ከእኩለ ቀን በፊት መጨረስ ጥሩ ነው።

ዋጋ ሲያወጡ የድሮውን ደረሰኝ አይዩ። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ከአሥር ዓመት በፊት በገዙበት ብር ዛሬ ቢሸጡ ተጎዱ ማለት ነው። ሁለት ሱቅ ገብተው የአዲሱን ዋጋ ይጠይቁ። እኔ ምንም ላልሆነው ዕቃ ግማሹን፣ ለተጎዳው ሲሶውን አወጣሁ፤ ለክርክር ትንሽ ጨመርኩበት። ያለ ክርክር የተገዛ ዕቃ ገዢውን ደስ አያሰኘውም። ዋጋውን የጻፍኩት ከሥራ ዘመኔ በተረፈ ፕላስተር ላይ ነው፤ በየዕቃው ላይ ስለጥፍ ጎረቤቴ «ዕቃውን ሁሉ አቆሰልሽው» ብላ ሳቀች። የተጻፈ ዋጋ ግን ይጠቅማል። ለመጠየቅ የሚያፍር ሰው አለ፤ ድሃ መሆኑ እንዳይታወቅበት ዝም ብሎ አይቶ የሚሄድ።

መብራት ካልመጣ የኤሌክትሪክ ዕቃ አይሸጡ፤ ሌላ ቀን ይቀጥሩ። ምጣዱ ሲግል፣ ቴሌቪዥኑ ሲበራ ገዢው በዓይኑ ይይ። ጉድለት ካለው ይንገሩ፤ ወልድያም መርሳም ትንንሽ ከተሞች ናቸው፣ ሰኞ መንገድ ላይ መገናኘታችሁ አይቀርም። የማይሠራ ፍሪጅ ለዕቃ ማስቀመጫ የሚሸጡ ከሆነ መቆለፊያውን ወይም በሩን ያንሱት፤ ልጆች ሲደባበቁ ገብተው በሩ ቢዘጋባቸው ከውስጥ ላይከፈት ይችላል፣ አየርም የለውም።

ገንዘብ የሚቀበል አንድ ሰው ብቻ ይሁን። በቴሌብር ከተከፈለዎ ገዢው በራሱ ስልክ የሚያሳይዎትን መልእክት አይመኑ፤ የእርስዎን ቀሪ ሂሳብ አይተው ዕቃውን ይልቀቁ። ባለ 200 ብር ኖት ሲቀበሉ ከሚያምኑት ኖት ጋር አስተያይተው በጣትዎ ይዳስሱት። ውሃ ልጠጣ፣ ሽንት ቤት ልግባ የሚል እንግዳ ቢመጣ ጨዋነቱን ሳይነኩ አንድ ሰው አብሮት ይሂድ፤ የቤቱ በር ግን ተቆልፎ ይዋል።

ለቴሌቪዥን፣ ለስልክ፣ ለፍሪጅና ለመሳሰሉት የሽያጭ ወረቀት ይጻፉ። ጦርነቱ ወልድያን ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ይዟት በቆየባቸው ወራት ስንቱ ቤት ባዶውን ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው «የማን ይሆን?» ብሎ ይሰጋል፣ ትክክልም ነው። ቀኑ፣ የዕቃው ዓይነት፣ ዋጋው፣ የሁለታችሁ ስምና ፊርማ፣ ሁለት ምስክር፤ ግማሽ ገጽ ይበቃል። ወረቀቱን ሳሳያቸው ሳይከራከሩ የገዙኝ ሰዎች ነበሩ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። አርባ ዓመት ገደማ በጤና ሥራ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያም ሆኖ ያን ቀን አንድ ነገር አመለጠኝ። ከዕቃው መካከል ሃያ ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጀሪካን ነበር። ሁለት ልጆች ያስከተለች ሴት በ100 ብር ወሰደችው። ማታ ሂሳቤን ስደምር ጀሪካኑ ላይ ደረስኩና እጄ ቀዘቀዘ። ጀሪካኑ የእኔ አልነበረም። ሐብሩ በመስኖ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለማ ዘመዴ ማላታዮን በውሃ የሚበጠብጥበት ነበር፤ አንድ ቀን ጥሎት ሄዶ ጓዳዬ ውስጥ ተረስቶ ቀረ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ሲነጋ ዕቃ ያመላለሰውን ባለጋሪ ፈልጌ ሴትዮዋ የወረደችበትን ጠየቅሁት። ከከተማው ዳር ቤቷን ሳገኝ ጀሪካኑ ውሃ ተሞልቶ በር ላይ ቆሟል። «ሦስቴ በአሸዋ አጠብኩት፣ ግን ሽታው እንቢ አለኝ። ዛሬ ለልብስ ማጠቢያ ላውለው፣ ነገ ይለቅ ይሆናል» አለችኝ። ውሃውን ሰው ከማይደርስበት ጉድጓድ ደፋን፤ ጀሪካኑን በቢላ ቀደድነው፤ ገንዘቧን መለስኩ፤ ከሱቅ አዲስ ገዝቼ ሰጠኋት። ልጆቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፣ ደህና ነበሩ። እሷ አመሰገነችኝ። እኔ የቆምኩበት ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በሥራ ላይ ሳለሁ ምራቁ እየተዝረበረበ፣ ላብ አጥምቆት፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠብቦ የመጣ ሕፃን ተቀብዬ አውቃለሁና።

ፕላስቲክ መርዙን ወደ ውስጡ ይመጣል፤ በአሸዋም በኦሞም አይለቅም። የጸረ ተባይ መድኃኒት የነካው ዕቃ አይሸጥም፣ አይሰጥም፣ ለቆራሌውም አይጣልም፤ ተበስቶና ተቆርጦ ከጥቅም ውጭ ይደረጋል። እንዲህ ያለ መርዝ ሰው ከጠጣ ወተት እየሰጡ ወይም በጣት እያስመለሱ ጊዜ አያጥፉ፤ ዕቃውን ጭምር ይዘው ወደ ጤና ተቋም ይሩጡ።

ከጀሪካኑ ሌላም የማይሸጥ አለ። የተረፈ መድኃኒት፣ ቀኑ ያላለፈ ቢሆንም፣ ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ጤና ጣቢያ ወይም ፋርማሲ ወስደው እንዴት እንደሚወገድ ይጠይቁ። አጎበር አይሸጥም፤ ለወባ መከላከያ በነፃ የታደለ ነው፣ ቆላ ላለ ዘመድ ይስጡት። ያገለገለ የሕፃን ጡጦ ይጣል፤ የጎማው ውስጥ በደንብ አይጸዳም። ብርድ ልብስና ልብስ በፈላ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሳይደርቅ አይውጣ። ግርሻና ተስቦ የሚተላለፉት በልብስ ውስጥ በሚኖረው ቅማል ነው፤ ወጣቶች ላያውቁት ይችላሉ፣ እኛ ግን እናስታውሳለን። ፍራሽ ደግሞ ስፌቱን ገልጠው ይዩ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን ነው፣ ለጎረቤትዎ አይሽጡላት።

እኩለ ቀን ላይ ከተዘረጋው ዕቃ ሦስት እጁ ሄዶ ነበር። የተረፈውን ልብስ ገሚሱን ለመስጊድ፣ ገሚሱን ለቤተ ክርስቲያን በር አደረስን። የሽቦ አልጋውን ማንም አልጠየቀውም፤ ዋጋውን ሁለቴ ቀነስኩ፣ ቢሆንም ቆመ። ማታ ያቺው ጠዋት ለለቅሶ የመጣችው ጎረቤቴ ልጇን ይዛ መጥታ «በነፃ ከሆነ አልወስድም፣ በገንዘብ ከሆነ የለኝም፤ እስከ መስከረም ትታገሺኛለሽ?» አለችኝ። ወረቀት ጻፍን፣ የልጅ ልጄ ምስክር ሆኖ ፈረመ። መስከረም 3 ቀን ገንዘቡን በሰው ላከችልኝ፣ ከአንድ ኪሎ ቡና ጋር።