ለወንዛዬ መንገድ የምትሆን ትንሽ ተሳቢ ቤት

ታላቅ እኅቴ ጉልበታቸውን ካመማቸው እነሆ ስምንት ዓመት ሆነ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ፥ የፎገራ ሜዳ ደርቆ መንገዱ ሲጸና፥ በየዓመቱ ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርደው ሰባት ቀን ይታጠባሉ። ወንዛዬ በደራ፥ በጉማራ ወንዝ አጠገብ የሚገኝ፥ ከቅርብም ከሩቅም ሕመምተኛ የሚሰበሰብበት ስፍራ መሆኑን በእኛ አገር የማያውቅ የለም። እኅቴም ከዚያ ሲመለሱ እግራቸው እንደ ቀለላቸው አካሄዳቸው ይናገራል። ባለፈው ዓመት ግን «ከእንግዲህ አልወርድም» ብለው ቁርጡን ተናገሩ። ለእኛ ለወንዶቹ ምክንያቱን መንገር አፍረው ቆይተው በመጨረሻ ለባለቤቴ ነገሯት። ሌሊት ከማደሪያቸው ተነሥተው ሜዳ መውጣት፥ በጨለማ በድንጋይ ላይ መሄድ፥ በዚያ ጉልበት ቁጭ ብሎ መነሣት ከሥቃዩ ይልቅ ኀፍረቱ ከብዶባቸዋል፤ ይህንንም ፈርተው ከቀትር በኋላ ውሃ መጠጣት ትተው ነበር። በትኩስ ውሃ ውስጥ ውሎ ጥምን ይዞ ማደር ለሸመገለ ሰው ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም።

ይህን የሰማው ልጃቸው፥ በባሕር ዳር ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ እየነዳ የሚተዳደረው፥ አንድ ቀን ወረታ መጥቶ «ጋሼ፥ እናቴን ከነቤቷ አወርዳታለሁ» አለኝ። ቤት ያለው በመኪና ኋላ የሚጎተተውን፥ አልጋና ምድጃ፥ መጸዳጃም ያለውን ተሳቢ ቤት ነው። ከባሕር ማዶ ወዳጆቹ የላኩለትን ሥዕልና የመግለጫ ወረቀት ይዞ ኖሮ ምረጥልኝ ብሎ ፊቴ ዘረጋው። ሒሳብ ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለ ተሳቢ ቤት ምን ያውቃል ብዬ ነበር፤ ነገር ግን እየቆየሁ ስመረምረው ነገሩ ራሱ የሒሳብ ነገር ሆኖ አገኘሁት።

ተከታይ ቤት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት ከእኛ ሜዳ በላይ በእንፍራዝ የጉዛራን ግንብ ቢያሠሩም፥ የዚያ ዘመን ነገሥታት ዘመናቸውን አብዛኛውን ያሳለፉት በድንኳን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ቤተ ክርስቲያኑ ሳይቀር በድንኳን ሲተከል አይቶ ጽፎአል። በመኪና የሚጎተተውም ቢሆን አገራችንን ከረገጠ ቆይቶአል። ኤርስትሪም የሚባለውን እንደ ብር የሚያበራ ተሳቢ ቤት የሚያሠራው አሜሪካዊ ዋሊ ባያም፥ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1960 (በእኛ በ1951 እና በ1952 ዓ.ም.) 41 ተሳቢ ቤቶች አስከትሎ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ሲጓዝ በኢትዮጵያ አልፎአል፤ አዲስ አበባም በደረሱ ጊዜ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተቀብለዋቸዋል። ከዚያ ጉዞ በኋላ፥ በ1961 እ.ኤ.አ.፥ ያው ኩባንያ ርዝመቷ 16 ጫማ ብቻ የሆነች ትንሽ ተሳቢ አወጣ፤ ስሟንም «ባምቢ» አላት። ኩባንያው እንደሚተርከው ቃሉ ከአንጎላ ቋንቋ የተወሰደ፥ እንደ ሚዳቋ ያለች ትንሽና ብርቱ የዱር እንስሳ ስም ነው። ረዣዥሙን እየጎተተ አፍሪካን ያቋረጠ ሰው ወደ ትንሿ መመለሱ ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ወደ ወረቀቶቹ ልመለስ። የእኅቴ ልጅ ልቡ የወደቀበት ሰባት ሜትር የሚሆነው ትልቁ ነበር፤ የገላ መታጠቢያው ለብቻ፥ መጸዳጃው ለብቻ፥ መስተዋቱ እንደ ሆቴል። እንዲህ ያለውን ወረቀት ስታዩ አስቀድማችሁ ሥዕሉን በእጃችሁ ሸፍኑና ሁለት ቁጥር ፈልጉ፤ ባዶውን ክብደትና ሞልቶ ሊያልፈው የማይገባውን ክብደት። የዛሬዋ ባለ 16 ጫማ ባምቢ ባዶዋን 1,360 ኪሎ ያህል ትመዝናለች፤ ሞልታ ከ1,590 ኪሎ ማለፍ የለባትም። እንግዲህ ለሰው ዕቃ፥ ለፍራሽ፥ ለስንቅ፥ ለጋዝና ለውሃ የተረፈው 230 ኪሎ ብቻ ነው። በአሜሪካ በሚኒሶታ የምትሠራው «ስካምፕ» የተባለችው ባለ 13 ጫማዋ ደግሞ አካሏ ፋይበር ግላስ ስለሆነ ባዶዋን ከ550 እስከ 700 ኪሎ ገደማ ናት፤ እርሷም መጸዳጃ ያላት አሠራር አላት።

አሁን ውሃን እንመዝን። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ ይህን የሦስተኛ ክፍል ተማሪም ያውቃል፥ ቤት የሚገዛ ሰው ግን ይረሳዋል። የሻወሩ አፍ በደቂቃ ሰባት ስምንት ሊትር ያፈሳል፤ እየዘጋ እየከፈተ በቁጠባ የሚታጠብ ሰው በ10 ሊትር ይበቃዋል እንበል። የምንወርደው እኅቴ፥ ባለቤቴ፥ የእኅቴ ልጅና አንዲት የምታግዝ ልጅ ነን ቢባል፥ አራት ሰው በሰባት ቀን 280 ሊትር ይፈጃል። ይህ ለባምቢዋ ከተረፈው ጭነት ሁሉ ይበልጣል። በየቀኑ ይቀዳል ቢባልም የታጠቡበት ውሃ የትም አይጠፋም፤ ከወለሉ በታች ባለው በሌላው ታንከር ተጠራቅሞ ቆሻሻ ሆኖ ይጎተታል። የእኅቴ ልጅ አላምን ቢለኝ 20 ሊትር ጀሪካኖች አስሞልቼ ከግቢው በር እስከ ጓሮ አመላለስሁት። አምስተኛው ላይ «ገባኝ ጋሼ» ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያም የሁላችንን ዓይን የከፈተውን ቃል ባለቤቴ ተናገረች፤ «ፍል ውሃ ወዳለበት አገር የሞቀ ውሃ ጭኖ መሄድ ምን ይባላል?» እውነቷን ነው። እኅቴ ወንዛዬ የሚወርዱት ሊታጠቡ ነው፤ መታጠቢያው ከምድር ይፈልቃል። የጎደላቸው በሌሊት የሚጠጉበት መጸዳጃና እርጥብ ልብሳቸውን የሚለውጡበት ደረቅ ወለል ብቻ ነበር። እኛ «መታጠቢያ ቤት» በሚለው አንድ ስም ሁለቱን ጉዳይ አስረን እንከራከር ኖሮአል። ደግሞም በትንንሾቹ ተሳቢዎች መጸዳጃውና ሻወሩ በአንድ ጠባብ ክፍል ስለሚሆኑ፥ አንዱ ሲታጠብ ወለሉም መቀመጫውም ይረጥባል፤ ሌሊት በሕመምተኛ ጉልበት ለሚገባ ሰው ከሜዳው ድንጋይ የማይሻል አዳላጭ ነው። ስለዚህ ሻወሩን ሰረዝነው። ወደ ሌላ አገር የሚሄድ፥ ሕፃናት የያዘ ቤተሰብ የተለየ ፍርድ ሊሰጥ ይችላል።

መጸዳጃውም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። በትልልቆቹ ተሳቢዎች ከወለሉ ሥር የተንጠለጠለ ታንከር አለ፤ በውሃ እየተለቀቀ ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል፤ ሲሞላ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ስፍራ በቱቦ ይራገፋል። በአሜሪካና በአውሮፓ እንዲህ ያለ ማራገፊያ በየሰፈራው ይገኛል፤ በወረታና በወንዛዬ መካከል ግን የት ይራገፋል? ደግሞ ከሥር የወረደው ቱቦ በእኛ የገጠር መንገድ ቦይ ላይ ሲጎተት ቀድሞ የሚሰበረው እርሱ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከ15 እስከ 20 ሊትር የምትይዝ ሣጥን ያለችው ነው፤ በውጭ በኩል ባለች ትንሽ በር ሣጥኗ ትመዘዝና እንደ ሻንጣ ተይዛ ጉድጓድ ትደፋለች። ለሁለት ሰው ሁለት ሦስት ቀን ትበቃለች። ይህች መልካም ናት፤ ጥፋቷ የሚጨመርባት መድኃኒት ሁልጊዜ አለመገኘቱ ነው። ሦስተኛው ውሃ የማይነካው ደረቁ መጸዳጃ ነው፤ ሽንቱ ለብቻ ይወርዳል፥ በቀረው ላይ አመድ ወይም ሌላ ደረቅ ነገር ይነሰነሳል። በወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች ደጅ የገለፈት ክምር ተራራ አክሎ ሲቃጠል እናያለን፤ ገለፈቱ ቀላል ነው፥ ሽታ ይይዛል፥ ዋጋውም የመጫኛው ጆንያ ብቻ ነው። የእኅቴ ልጅ ሥዕሉን እያየ ቅር ቢለውም እኔ ይህን መረጥሁ። የምትመዘዘዋ ሣጥን ከተገኘች ግን አልጣላትም።

የትኛውም ቢሆን መጨረሻው አንድ ጥያቄ ነው፤ የት ይቀበራል? በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 23 ሙሴ ለተጓዡ ሰፈር የሰጠውን ሥርዓት እናስታውስ፤ እያንዳንዱ ከሰፈር ውጭ ወጥቶ በያዘው መቆፈሪያ ቆፍሮ እንዲከድን አዝዞአል። ጉማራ ወደ ጣና ይወርዳል፤ ከታች የሚቀዳ ሰው አለ፥ ከብትም ይጠጣል። ስለዚህ ከወንዙና ከምንጩ ከ30 ሜትር ያላነሰ ርቆ፥ ከረግረጉ ይልቅ ከፍ ባለው ደረቅ መሬት ላይ ይቆፈራል። አካፋ የሌለው ተሳቢ ቤት መጸዳጃ አለው ብዬ አልቆጥረውም።

ስለ መንገዱም ጥቂት ልበል። የፎገራ ዋልካ አንድ ዝናብ ካገኘ በአንድ አክስል የቆመች ተሳቢ እስከ ወለሏ ትሰምጣለች፤ ከወለሏ ሥር ሰፊ ክፍት ያላትና ጎማዋ እንደ መኪናው ጎማ የሆነች፥ መጠባበቂያዋም አንድ ዓይነት የሆነ ትሻላለች። የእኅቴ ልጅ ደግሞ መንገዱ ሰላም ሲሆን ለገና ላሊበላ አደርሳታለሁ ይላል። ወረታ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ይደርሳል፤ በጋይንት አድርጎ እስከ ጋሸና ያለው ደጋ ደግሞ ወደ 3,000 ሜትር ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ አንድ አሥረኛውን ያህል ያጣል፤ ስለዚህ በአምራቹ መጽሐፍ የተጻፈውን የመጎተት ልክ እስከ ጫፉ የሚሞላ ሰው ዳገቱ ላይ ይቀራል። ቁልቁለቱ ይብሳል። በአውሮፓ ሕግ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው፤ እኔ ግን የጋይንትን ቁልቁለት ያየ ሰው ለ600 ኪሎም ቢሆን ፍሬን ያስገጥም እላለሁ። ጭነቱም በመኪናው መንጠቆ ላይ ከጠቅላላው ክብደት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ እንዲያርፍ ሆኖ ይደለደል፤ የውሃው በርሜል ከአክስሉ በላይ እንጂ ከኋላ አይቀመጥ። ኋላዋ የከበደ ተሳቢ ጅራቷን እንደሚወረውር ዓሣ መኪናውን ይዛው ትወዛወዛለች።

ከውጭ ማስመጣቱን ዋጋውና ቀረጡ ከለከለን፤ በባሕር ዳር ብየዳ ቤት ለማሠራት ቆረጥን። በዚያም አንድ ክርክር ገጠመን። ብየዳ ሠሪው ግድግዳዋን በላሜራ ልሥራ አለ። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ላሜራ በካሬ ሜትር ወደ 8 ኪሎ ይመዝናል፤ አሉሚኒየሙ ግን 3 ኪሎ አይሞላም። ለ30 ካሬ ሜትር ልዩነቱ ከ150 ኪሎ በላይ ነው። ይህን በወረቀት አስልቼ ባሳየሁት ጊዜ ጥቂት ዝም ብሎ «እናንተ አስተማሪዎች!» አለኝና በአሉሚኒየም ተስማማ። ተሳቢም የራሱ ሰሌዳና ምርመራ ያለው ስለሆነ፥ ሥራው ሳይጀመር ከመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ አይረሳ።

ከሁሉ የጠቀመን ግን ገንዘብ ያልወጣበት ነገር ነው። ከወረቀቶቹ የአንዱን የመጸዳጃ ክፍል ልክ በግቢያችን መሬት ላይ በአመድ ሠመርንና መካከሉ ዱካ አኑረን እኅቴን «እትዬ፥ እስቲ ይግቡ» አልናቸው። ገብተው ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ከአመዱ መስመር አልፎ ወጣ። «ቤታችሁ ገባ፥ እኔ ውጭ ቀረሁ» ብለው ሳቁ፤ ከስንት ወር በኋላ በዚህ ነገር ሲሥቁ ያየናቸው ያን ጊዜ ነው። አመዱን እየጠረግን ሦስት ጊዜ ሠመርን። በመጨረሻ ወርዱ 80፥ ርዝመቱ 110 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ መቀመጫው ከወለሉ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል፥ በግራና በቀኝ የሚይዙት ብረት እንዲኖር፥ ከመሬት ወደ በሩ የሚያስወጣውም ደረጃ ሁለት እርከንና መደገፊያ እንዲሆን ተጻፈ። ይህን ሁሉ የነገሩን እርሳቸው ናቸው፤ ከሥዕሉ ወረቀት ላይ አንዱም አልነበረም።

ሻወሩ ከወረቀቱ ላይ ከወጣ በኋላ ከአልጋው ራስጌ ባዶ ስፍራ ተረፈ። የእኅቴ ልጅ የመብራት ባትሪ ላኑርበት አለ፤ እኔ መጻሕፍት አሰብሁ። እኅቴ ግን ዱካቸው ላይ እንደ ተቀመጡ በምርኩዛቸው አመዱን እየጫሩ፥ «አገልግሌ እንዳይገለበጥ ጠርዝ ያለው መደርደሪያ ይሁንልኝ፤ ከሥሩም የገለፈቱ ጆንያ ይግባ» አሉ። ልጃቸውም ጎንበስ ብሎ መደርደሪያውን በአመድ ሠመረላቸው።