የቸኮላት አምሮት ከወዴት ይመጣል?

ለመሆኑ ቸኮላት ሲያምረን የሚያምረን ምኑ ነው? ጣፋጭነቱ ነው እንዳንል ስኳር ከቤታችን አይጠፋም፤ ሆኖም አንድ ማንኪያ ስኳር ቅሞ የቸኮላት አምሮቱን የሚወጣ ሰው እምብዛም አናይም። አንዳንዶች ‹‹ሱስ የሚያስይዝ ንጥረ ነገር አለው›› ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ‹‹ለልብ መድኃኒት ነው›› በማለት ይመክራሉ። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን አባባሎች በየተራ እንመረምራለን።

ሱስ ወይስ አምሮት?

ቸኮላት የሚሠራበት የካካዎ ፍሬ ቲዮብሮሚን የተባለ ንጥረ ነገርና ጥቂት ካፌይን ይዟል። ቲዮብሮሚን ቡና ውስጥ ለሚገኘው ካፌይን የቅርብ ዘመድ ቢሆንም የማነቃቃት ኃይሉ ደካማ ነው። ታዲያ አምሮቱን የሚቀሰቅሰው ይህ ይሆን?

እ.ኤ.አ. በ1994 ዊላ ሚችነርና ፖል ሮዚን የተባሉ ተመራማሪዎች ጥያቄውን በሙከራ ፈተሹት። ቸኮላት ለሚያምራቸው ሰዎች፣ አምሮቱ በመጣባቸው ሰዓት፣ አንድ ጊዜ የወተት ቸኮላት፣ ሌላ ጊዜ ነጭ ቸኮላት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የካካዎ ዱቄት የያዘ እንክብል ሰጧቸው። ነጭ ቸኮላት የካካዎ ቅቤና ስኳር እንጂ የካካዎ ዱቄት የለበትም። አምሮትን ይበልጥ ያረካው የወተት ቸኮላቱ ነበር፤ ነጩ በከፊል አረካ፤ እንክብሉ ግን ምንም አልፈየደም። ከነጩ ቸኮላት ጋር ተደርቦ ሲሰጥ እንኳ የጨመረው ነገር አልነበረም። አነቃቂ ንጥረ ነገሮቹ ሆድ ገብተው ሳሉ አምሮቱ ካልወጣ፣ ምክንያቱን ከሆድ ይልቅ በአፍ ውስጥ መፈለግ ይኖርብናል።

በምላስ ላይ ያለ ፊዚክስ

የካካዎ ቅቤ ሞለኪውሎች ሲረጉ በስድስት ዓይነት የክሪስታል አደራደር ሊደረደሩ ይችላሉ። እያንዳንዱ አደራደር የሚቀልጥበት የሙቀት መጠን የተለያየ ነው። ቸኮላት ሠሪዎች የሚፈልጉት አምስተኛውን ነው፤ ይህን ለማግኘትም ቸኮላቱን እያማሰሉ በጥንቃቄ ያቀዘቅዙታል፣ መልሰውም በጥቂቱ ያሞቁታል። አምስተኛው አደራደር የሚቀልጠው በ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የሰውነታችን ሙቀት 37 ዲግሪ ስለሆነ፣ በእጃችን ሲሰበር ‹‹ቀጭ›› የሚለው ጠጣር አፋችን ሲገባ ፈሳሽ ይሆናል። ሲቀልጥ ከምላሳችን ሙቀት ስለሚወስድ ቀዝቀዝ ያለ ስሜት ይሰጣል፤ በምላስ ላይ ሲሰራጭም ያመቀውን መዓዛ ወደ አፍንጫችን ይለቃል። እንክብል ግን ይህን ሁሉ ዘሎ ያልፋል።

ይሁንና አፍ ብቻውን አይወስንም፤ ልማድም ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በሰሜን አሜሪካ በተለይ ሴቶች ደጋግመው የሚያምራቸው ቸኮላት ሲሆን፣ የግብፅ ወጣቶች ግን በአብዛኛው የሚያምራቸው ጣፋጭ ያልሆነ ምግብ ነው። ካካዎው አንድ ሆኖ ሳለ አምሮቱ ከአገር አገር ከተለያየ፣ አምሮት የምንማረውም ነገር ነው ማለት ነው።

ለጤናስ?

ካካዎ ፍላቫኖል የተባሉ ውሁዶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2017 የተጠናቀሩ 35 ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ እነዚህ ውሁዶች የደም ግፊትን ቢቀንሱም ቅነሳው በአማካይ ወደ 2 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመ ሌላ ሰፊ ሙከራ ደግሞ ከ21 ሺህ በላይ በዕድሜ የገፉ አሜሪካውያንን አሳትፏል። ከተሳታፊዎቹ ከፊሎቹ በየቀኑ 500 ሚሊግራም ፍላቫኖል በእንክብል ሲወስዱ ቆይተዋል። በልብና በደም ሥር ሕመም የሞቱት ከእነዚህ መካከል አነስ ያሉ ቢሆንም፣ የሙከራው ዋና ጥያቄ በነበረው በጠቅላላው የሕመም ብዛት ላይ አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም።

ልብ እንበል፤ በዚህ ሰፊ ሙከራ የተፈተነው እንክብል እንጂ ቸኮላት አይደለም። 100 ግራም ቸኮላት ከ500 እስከ 600 ኪሎካሎሪ ይሰጣል፤ የወተት ቸኮላት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው። ከፍላቫኖሉም ብዙው በማቀነባበር ሂደት ይጠፋል። እንግዲህ እንክብሉ አምሮት አያወጣም፤ ቸኮላቱም መድኃኒት አይሆንም።

ስለዚህ በፈተና ሰሞን ሌሊቱን ሲያጠና ቸኮላት የሚያምረው ተማሪ ‹‹ሱሰኛ ሆንሁ›› ብሎ አይስጋ፤ ‹‹ለጤናዬ ነው›› ብሎም ራሱን አያታልል። ይልቅስ አንድ ትንሽ ቁራሽ ሳያኝክ ምላሱ ላይ አኑሮ እስኪቀልጥ ይጠብቅ። አምሮቱ ያለው በመቅለጡ ላይ ከሆነ፣ ቀስ ብሎ የቀለጠ አንድ ቁራሽ ተጣድፎ ከተዋጠ ብዙ ይበልጥ ሊያረካው ይችላል።