የጉድጓድዎ ውሃ ፍሎራይድ ስንት ነው?

በአዳማ፣ በወንጂ፣ በመቂ ወይም በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ ጥርሱ የበለዘ ዘመድ ወይም ጎረቤት አያጡም። ብዙዎች ይህን የንጽሕና ጉድለት አድርገው ይቆጥሩታል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ጥርስን አለመፋቅ አይደለም፤ በልጅነት የተጠጣው ውሃ ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ ስለነበረበት ነው።

ፍሎራይድ በስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ዐለቶች ውስጥ የሚገኝ የተፈጥሮ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ከዐለቱ እየሟሟ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይገባል። በዓይን አይታይም፤ በሽታም አይለይም። በጥቂቱ ጥርስን ከመቦርቦር ይከላከላል። ሲበዛ ግን እስከ 8 ዓመት ዕድሜ ባሉ ሕፃናት በመሠራት ላይ ያለውን ጥርስ ያበልዛል። ከፍተኛ መጠን ያለው ውሃ ለረጅም ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንትና መገጣጠሚያን ያደርቃል፤ ጀርባን እስከማጉበጥም ይደርሳል። በ1946 ዓ.ም ሥራ በጀመረው በወንጂ ስኳር ፋብሪካ የጉድጓድ ውሃ ለዓመታት በጠጡ ሠራተኞች ላይ ይህ የአጥንት ሕመም በሕክምና ጥናቶች ተመዝግቧል።

መንግሥት ምን ያህሉን ይፈቅዳል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ. በ1984 ያወጣው የመጠጥ ውሃ መመሪያ በአንድ ሊትር ከ1 ነጥብ 5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። የአገራችን መስፈርት ቀደም ሲል 3 ሚሊ ግራም ይፈቅድ ነበር፤ በኋላ ወደ 1 ነጥብ 5 ዝቅ ብሏል። የአሜሪካ ሕግ እስከ 4 ይፈቅዳል። ታንዛኒያ ደግሞ ሌላ ውሃ ለማይገኝባቸው የገጠር አካባቢዎች ለረጅም ዓመታት እስከ 8 ሚሊ ግራም ፈቅዳ ቆይታለች።

የሰው አጥንት በሁሉም አገር አንድ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ለምን ተለያየ? መስፈርት የሚወጣው ጉዳትን ብቻ በመመልከት ስላልሆነ ነው። ጥቅሙ፣ ወጪውና አማራጩም አብረው ይመዘናሉ። ከመስፈርቱ ያለፈ ጉድጓድ ሁሉ ዛሬውኑ ይዘጋ ቢባል፣ ሌላ ውሃ የሌለው ነዋሪ ወደ ኩሬና ወደ ወንዝ ይወርዳል። ፍሎራይድ የሚጎዳው በዓመታት ነው፤ የተበከለ ውሃ የሚያመጣው ተቅማጥ ግን ሕፃንን በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ የተፈቀደው መጠን ለሁሉም ሰው እኩል የሚሠራ የደኅንነት ወሰን አይደለም። ቁጥሩ አንድ አዋቂ በቀን 2 ሊትር ገደማ ይጠጣል በሚል የተሰላ ነው። በመተሃራ ሙቀት ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሰው ግን ከዚያ በላይ ይጠጣል።

ምን ያድርጉ?

• የሚጠቀሙት የጉድጓድ ውሃ ከሆነ የፍሎራይድ መጠኑ ተለክቶ እንደሆነ የአካባቢዎን የውሃ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። በቧንቧ ወይም በቦኖ የሚመጣ ከሆነም ምንጩ ከጉድጓድ ይሁን ከአዋሽ ወንዝ የተጣራ ይወቁ።

• ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አይቀንስም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይበልጥ ይጠነክራል። ክሎሪንም ፍሎራይድን አያስወግድም። ለዚህ የተሠራው ማጣሪያ በአሉምና በኖራ ወይም በከብት አጥንት ከሰል የሚሠራ ነው፤ ከሰሉም በየጊዜው መቀየር አለበት።

• ያለዎት ዝቅተኛ ፍሎራይድ ያለው ውሃ ጥቂት ከሆነ ለሕፃናት መጠጥና ምግብ ማብሰያ ያድርጉት። ለልብስና ለገላ የጉድጓዱን መጠቀም ይቻላል። ከንጹሕ ቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃም ፍሎራይዱ አነስተኛ ነው፤ የመጀመሪያውን ዝናብ ካፈሰሱ በኋላ ይሰብስቡ፣ ለመጠጥም አክመው ይጠቀሙ።

• ሕፃናትን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ያጥቡ። እናት የምትጠጣው ውሃ ፍሎራይዱ ከፍተኛ ቢሆንም ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው።

• ሻይ ቅጠል በራሱ ፍሎራይድ ስላለው ለትንንሽ ልጆች ወፍራም ሻይ አይስጡ። የጥርስ ሳሙናም ከአተር ፍሬ አይብለጥ፤ እንዳይውጡትም ይከታተሉ።

የበለዘ ጥርስ በመፋቅ አይለቅም፤ በአሸዋ ወይም በከሰል መፈግፈግም ይጎዳዋል። የጥርስ ሐኪም ያማክሩ። የጀርባና የመገጣጠሚያ ድርቀት የሚሰማዎት ከሆነ ደግሞ ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ ለስንት ዓመት የየትኛውን ጉድጓድ ውሃ እንደጠጡ ለሐኪሙ ይንገሩ።