ስቴን የቀደማቸው ጠመንጃዎች

ስቴን ለዓይን የሚማርክ መሣሪያ አልነበረም። ከብረት ቧንቧና ከላሜራ ተበይዶ የተሠራ፣ ካዝናው በግራ ጎኑ የተሰካ፣ የታጠቁት ወታደሮች ራሳቸው «የቧንቧ ሠራተኛ ቅዠት» እያሉ ያፌዙበት የነበረ ንዑስ መትረየስ ነው። ነገር ግን አሜሪካ ሠራሹ ቶምሰን 200 ዶላር ገደማ በሚያወጣበት ጊዜ ስቴንን በጥቂት ፓውንድ መሥራት ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 መሣሪያውን ደንከርክ ላይ ጥሎ የተመለሰው የእንግሊዝ ጦር ደግሞ የማማረጫ ፋታ አልነበረውም። ከ1941 ጀምሮ ወደ 4 ሚሊዮን ስቴን ተመረተ። ከዚያ ወዲያ የመጣ ንድፍ ሁሉ የተፎካከረው ከዚህ ቁጥር ጋር ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ይሠራ የነበረው የቼክ መሐንዲስ ዮሴፍ ቬሴሊ በ1942 ያቀረበው ጠመንጃ ከስቴን ይልቅ በጥንቃቄ የተሠራ ነበር። ዋናው ብልሃቱ ካዝናው ላይ ነው፤ አንዱ ካዝና ከፊትና ከኋላ ለሁለት ተከፍሎ በእያንዳንዱ ክፍል 30 ጥይት ይይዛል። የፊተኛው ሲያልቅ የኋለኛው ተራውን ይረከባል፤ ተኳሹም ካዝና ሳይቀይር 60 ጥይት ይተኩሳል። ለአየር ወለዶች ሰደፉ የሚታጠፍ ዓይነትም ተዘጋጅቶ ነበር። ይሁንና እያንዳንዱ ተጨማሪ ብልሃት ለፋብሪካው ተጨማሪ ሥራ ነው፤ ፋብሪካዎቹ ደግሞ በስቴን ተይዘዋል።

ሌላው የስቴን ተፎካካሪ ዌልጋን ስሙን ያገኘው ከዌልዊን ከተማ ነው። በጠላት ይዞታ ሥር ለሚታገሉ አርበኞች መሣሪያ ያቀብል የነበረው የእንግሊዝ ምስጢራዊ ድርጅት ቤተ ሙከራ እዚያ ነበር። ሰደፉ ሲታጠፍ ርዝመቱ 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ካፖርት ሥር ይገባል። ለማጉረስ እጀታ አልተሠራለትም፤ ጎኑ ላይ በተተወው ሰፊ ክፍተት ተመላላሹን ብረት ራሱን በጣት ጨብጦ መሳብ ነው። ጭቃ በዚያው ክፍተት መግባቱ መቼም አይቀርም። ካዝናው የስቴን ነው፤ ስቴንን በመንከስ ያስወቀሰውም በአብዛኛው ካዝናው ስለነበር ዌልጋን ጉድለቱን አብሮ ወረሰ። በሙከራ መጥፎ አልነበረም፤ የተመረጠው ግን ስቴን ነው።

ለእኔ ከሁሉም የሚገርመው በጦርነቱ ማብቂያ ገደማ ፖላንዳዊው መኮንን ፖድሰንኮቭስኪ በኤንፊልድ የነደፈው ኤምሲኢኤም-2 ነው። ካዝናውን የሰካው መጨበጫው ውስጥ ነው፤ ተመላላሹ ብረትም አፈሙዙን እንደ እጅጌ ይሸፍነዋል። በዚህ የተነሳ መሣሪያው ያለ ሰደፍ 40 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ተኳሹ የሚያጎርሰው አፈሙዙ ጫፍ አጠገብ ባለ ቀዳዳ ጣቱን ከቶ ወደ ኋላ በመሳብ ነው፤ ጥይት ከሚወጣበት ቀዳዳ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቆ ማለት ነው! ይህን ያሰበ ሰው ለጣት ብዙም የሚሳሳ አይመስልም። ፍጥነቱ በደቂቃ 1000 ጥይት ገደማ፣ ካዝናው ግን 18 ብቻ ስለሆነ ቃታውን ተጭኖ የቆየ ወታደር በአንድ ሰከንድ አካባቢ ባዶ እጁን ይቀራል። የእንግሊዝ ጦር ባይቀበለው አልፈርድበትም።

አቀማመጡ ግን ሌሎች ዘንድ ሠምሯል። በ1940ዎቹ መጨረሻ ቼኮች፣ ከዚያም እስራኤላዊው ኡዚኤል ጋል ካዝናውን መጨበጫው ውስጥ፣ ተመላላሹን ብረት በአፈሙዙ ዙሪያ አድርገው ሠሩ። በፊልም የምናውቀው ኡዚ የዚያ ዓይነት ነው፤ ካዝናው ከ18 በላይ ጥይት ይይዛል፣ ፍጥነቱም በደቂቃ 600 ገደማ ነው።