የሥዕል አዳራሽ ለሁላችንም ነው

ሥዕል አይቶ የማያውቅ ሰው የለም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ብዙዎቻችን አይተናል። ፊደል ያልቆጠሩ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያን ሥዕል ያነቡት ነበር። ደግ ሰው ሲሳል ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉ ሰው ግን በጎኑ ይሳላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው።

የዘመኑ ሠዓሊዎች ሥራ ደግሞ በሥዕል አዳራሽ ይታያል። ጋለሪም ይሉታል። ብዙ ሰው በበሩ ሲያልፍ «ይህ የተማሩ ሰዎች ነገር ነው፤ እኔ ምን አውቄ!» ይላል። ነገሩ እውነት እንደዚያ ነውን? እስቲ እንየው።

የሐረሩ ሠዓሊ

በአዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ በሠዓሊው በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመ የሥዕል ሙዚየም አለ። ገብረ ክርስቶስ የተወለደው ሐረር ነው። አባቱ የሃይማኖት መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። እሱ ግን ጀርመን አገር ሄዶ ሌላ ዓይነት አሣሣል ተማረ። ሲመለስም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ።

ከሥዕሎቹ አንዳንዶቹ ሰውም፣ ዛፍም፣ ቤትም የለባቸውም። ያለው ቀለምና ቅርጽ ብቻ ነው። ያን ጊዜ «ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ሥዕል ነው?» የሚል ክርክር ተነሣ።

መሶቡን ተመልከቱ

በቤታችሁ ያለውን መሶብ አስቡ። ቀዩ ከአረንጓዴው፣ አረንጓዴው ከጥቁሩ ጋር ተሰፍቷል። ሰውም ከብትም የለበትም። ታዲያ «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ አለ? የለም። «እጇ ይባረክ፣ እንዴት ያምራል!» ነው የምንለው። ቀለሙ ሳይስማማ ሲቀርም ቶሎ እናውቃለን። የሐረር እናቶችማ ስፌታቸውን እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። እንግዲህ ቀለምን መመዘን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ቀለም ሐዘንንም ይናገራል። ገብረ ክርስቶስ «ጎልጎታ» የሚባል ሥዕል አለው። ስቅለቱን የሳለው እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል አይደለም። ቀዩ ቀለም ደም ደም ይላል። ያየው ሰው ዝም ይላል።

እንዴት እንመልከት?

አትቸኩሉ። መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ፣ ቀጥሎ ቀረብ ብላችሁ እዩ። በእጅ አትንኩ፤ የእጅ ላብ ቀለሙን ይጎዳል። በሥዕሉ አጠገብ ትንሽ ጽሑፍ ካለ አንብቡት፤ የሠዓሊውን ስም ይነግራችኋል። ያልገባችሁን ጠይቁ። «ይህን አልወደድኩትም» ማለትም ነውር አይደለም። ግን አይቶ ነው።

ገብረ ክርስቶስ በ1973 ዓ.ም. በስደት ሳለ አሜሪካ አገር ሞተ። አገሩን ዳግመኛ አላየም። ጀርመን አገር ተቀምጠው የነበሩ ሥዕሎቹ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ተመለሱ። ባሕር ተሻግረው የመጡት ወገን እንዲያያቸው ነው። ከእኛ መካከል ለጉዳይ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አንድ ሰዓት አይንፈጋቸው።

እንወያይ

1. በሠፈራችሁ ስፌት ወይም ጥበብ የምትሠራ ሴት ቀለም የምትመርጠው እንዴት ነው? ጠይቋት።
2. ሐዘንን በቀለም ብቻ አሳዩ ብትባሉ የትኛውን ትመርጣላችሁ? ለምን?